ፀሐይን የሚመስለው 55 ካንክሪ ኮከብና አምስቱ ፕላኔቶቹ

55 ካንክሪ ከመሬት 41 የብርሃን ዓመታት ያህል ርቆ የሚገኝ፣ በመጠኑም ሆነ በብርሃኑ ቀለም ፀሐይን የሚመስል ኮከብ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 አምስተኛ ፕላኔቱ መገኘቷ ይፋ በተደረገበት ወቅት፣ ከፀሐይ ሌላ አምስት ፕላኔቶች እንዳሉት የታወቀ የመጀመሪያው ኮከብ ለመሆን በቅቷል።

ስለ ኮከቡና ስለ ፕላኔቶቹ ዛሬ የሚታወቀው ነገር በአንድ ጊዜ የተገኘ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ ከ1989 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በተካሄደ ተከታታይ ልኬት የተሰበሰበ ነው። በእነዚህ ዓመታት እርግጠኛ መስለው የተመዘገቡ አኃዞች ተሽረዋል፤ አንዱ ስህተት በመታረሙም ከታላላቆቹ ግኝቶች አንዱ ተገኝቷል። በአሁኑ ወቅት ደግሞ ለኮከቡ እጅግ ቅርብ የሆነችው የዐለት ፕላኔት ከባቢ አየር አላት ወይስ የላትም የሚለው ጥያቄ፣ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ባሉ ዓለማት ላይ ከሚካሄዱ ጥናቶች ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ሆኗል።

የኮከቡ ስፍራና ባሕርይ

ኮከቡ የሚገኘው በሀገርኛው የከዋክብት አጠራር ሸርጣን ተብሎ በሚታወቀው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። «ካንክሪ» የሚለው የላቲን ቃልም «የሸርጣን» ማለት ሲሆን፣ 55 የሚለው ቁጥር እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ፍላምስቲድ ካዘጋጀው የከዋክብት መዝገብ የመጣ ነው።

ሸርጣን በገውዝና በአሰድ መካከል የሚገኝ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሰማይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በምሽት ከፍ ብሎ ይታያል። 55 ካንክሪ ግን ብርሃኑ ደካማ በመሆኑ የከተማ መብራት በሌለበት፣ ሰማዩም ጥርት ባለበት ስፍራ ብቻ ያለመሣሪያ ለማየት የሚቻል ኮከብ ነው።

ብርሃን በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ነጥብ 46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 41 የብርሃን ዓመታት ማለት 388 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ከከዋክብት አንጻር ሲታይ የጎረቤት ያህል ቢሆንም፣ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መንኮራኩር እዚያ ለመድረስ ከ700 ሺህ ዓመታት በላይ ያስፈልገዋል። ስለ ኮከቡ የሚታወቀው ሁሉ የተገኘው ከእሱ ተነስቶ ወደ መሬት ከሚደርሰው ብርሃን ብቻ መሆኑም ለዚህ ነው።

የኮከቡ መጠነ ቁስ ከፀሐይ 90 በመቶ ያህል፣ ስፋቱም 94 በመቶ ያህል ነው። የገጹ ሙቀት 4 ሺህ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በመሆኑ 5 ሺህ 500 ዲግሪ ከሚደርሰው ከፀሐይ ገጽ ሙቀት ዝቅ ይላል። በዚህም ምክንያት የሚሰጠው ብርሃን ከፀሐይ 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ዕድሜው ከ8 እስከ 10 ቢሊዮን ዓመት እንደሚደርስ የሚገመት ሲሆን፣ ይህም ከፀሐይ 4 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር አንጋፋ ያሰኘዋል።

ኮከቡን ከፀሐይ የሚለየው ሌላው ባሕርይ በውስጡ ያለው የብረት መጠን ነው። የብርሃኑ ኅብረ ቀለም ሲመረመር ከፀሐይ ሁለት እጥፍ ያህል ብረት እንዳለው ተረጋግጧል። በብረትና መሰል ንጥረ ነገሮች የበለጸጉ ከዋክብት ግዙፍ ፕላኔቶች የሚገኙባቸው መሆኑ በብዙ ኮከቦች ላይ በተካሄዱ ጥናቶች የታወቀ በመሆኑ፣ የ55 ካንክሪ ፕላኔቶች መብዛት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል።

55 ካንክሪ ብቻውን የሚኖር ኮከብም አይደለም። ከፀሐይ እስከ መሬት ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከ1 ሺህ ጊዜ በላይ በሚያህል ርቀት ላይ፣ ቀይ ድንክ በመባል ከሚታወቁት ትናንሽና ቀዝቃዛ ከዋክብት አንዱ አብሮት ይገኛል። ሁለቱ ከዋክብት በስበት ኃይል የተሳሰሩ መንታዎች ሲሆኑ፣ አምስቱ ፕላኔቶች የሚዞሩት በትልቁ ኮከብ ዙሪያ ነው።

ፕላኔቶቹ የተገኙበት ዘዴ

ፕላኔት የራሷ ብርሃን የላትም። ከኮከቧ የሚያርፍባትን ብርሃን ብታንጸባርቅም የኮከቡ ብርሃን ስለሚውጣት፣ ከመሬት ሆኖ እሷን ለመለየት መሞከር ከሩቅ በሚታይ ብርቱ መብራት ዙሪያ የምትበር ትንኝን ለማየት እንደመጣር ይቆጠራል። በመሆኑም የ55 ካንክሪ ፕላኔቶች የተገኙት በዓይን በመታየታቸው ሳይሆን በኮከቡ ላይ በሚያሳድሩት ተጽዕኖ ነው።

ፕላኔት በኮከብ ዙሪያ ትዞራለች ሲባል ኮከቡ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም ማለት አይደለም። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ኮከቡም በመጠኑ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ወደ መሬት ሲቀርብ የብርሃኑ ሞገድ ይጠብባል፤ ሲርቅ ደግሞ ይላላል። እየቀረበ የሚመጣ መኪና የጥሩምባ ድምፅ ሲቀጥን፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ሲወፍር እንደሚሰማ ሁሉ፣ የኮከቡ ብርሃንም ሲቀርብ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ በጥቂቱ ያዘነብላል። ይህን ለውጥ በመለካት የኮከቡን የውዝዋዜ ፍጥነት፣ ከዚያም ፕላኔቷ አንድ ዙር የምትጨርስበትን ጊዜና መጠነ ቁሷን ለማስላት ይቻላል።

የሚለካው ለውጥ እጅግ አነስተኛ ነው። ከ55 ካንክሪ ፕላኔቶች በመጀመሪያ የተገኘችው ኮከቡን በሰከንድ 71 ሜትር ያህል ታንቀሳቅሰዋለች። የመጨረሻዋ የውስጥ ፕላኔት የምታስከትለው ውዝዋዜ ግን በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ የዓለም ምርጥ የማራቶን ሯጮች ከሚሮጡበት ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ነው። ተመራማሪዎቹ ከ388 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት የለኩት በዚህ ፍጥነት ወዲያና ወዲህ የሚለውን ግዙፍ የእሳት አካል ነው።

ዘዴው ጉድለትም አለው። የፕላኔቷ ምህዋር ከመሬት አንጻር ምን ያህል እንዳዘመመ ስለማያሳይ፣ የሚገኘው መጠነ ቁስ ዝቅተኛው ግምት እንጂ ቁርጥ ያለ አኃዝ አይደለም። የፕላኔቷን ስፋትም ሆነ ከምን እንደተሠራች አይናገርም።

አምስቱ ፕላኔቶች በተገኙበት ቅደም ተከተል

በሥነ ፈለክ ልማድ አንድ ኮከብ ካሉት ፕላኔቶች በመጀመሪያ የተገኘችው «ቢ» የሚለውን የላቲን ፊደል ስትይዝ፣ የተቀሩት ሲ፣ ዲ፣ ኢ እና ኤፍ እየተባሉ ይቀጥላሉ። «ኤ» የተተወው ለኮከቡ ለራሱ ነው።

ፕላኔት ቢ መገኘቷ ይፋ የተደረገው እ.ኤ.አ በ1996 ሲሆን፣ ያገኟትም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሊክ ምልከታ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ጄፍሪ ማርሲና ፖል በትለር ናቸው። ወቅቱ ስዊዘርላንዳውያኑ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎዝ ፀሐይን በሚመስል ሌላ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር የመጀመሪያዋን ፕላኔት ማግኘታቸውን ካስታወቁ አንድ ዓመት ያልሞላበት ነበር። ፕላኔት ቢ የጁፒተርን 80 በመቶ ያህል መጠነ ቁስ ያላት ብትሆንም፣ ከኮከቧ የምትርቀው 17 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ14 ነጥብ 65 ቀናት ነው። ለፀሐይ ቅርብ የሆነችው ሜርኩሪ እንኳን በአማካይ 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች።

የፕላኔት ቢ ተጽዕኖ ከልኬቶቹ ላይ ከተቀነሰ በኋላ ኮከቡ አሁንም በዝግታ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር። ለዚህም ምክንያቱ እ.ኤ.አ በ2002 ይፋ የሆነችው ፕላኔት ዲ ናት። ይህች ፕላኔት የጁፒተርን አራት እጥፍ የሚጠጋ መጠነ ቁስ ያላት ሲሆን፣ አንድ ዙር ለመጨረስ 14 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። ከኮከቧ ያላት ርቀት ጁፒተር ከፀሐይ ካላት ርቀት ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ፣ ግኝቷ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያም የእኛን ሥርዓተ ፀሐይ የሚመስል አቀማመጥ ሊኖር እንደሚችል የጠቆመ ነበር። በዚያው ዓመት የተመዘገበችው ፕላኔት ሲ በ44 ቀናት አንድ ጊዜ የምትዞር ሲሆን፣ መጠነ ቁሷም የሳተርንን ግማሽ ያህል ነው።

አራተኛዋ ፕላኔት ኢ እ.ኤ.አ በ2004 በባርባራ ማክአርተር በተመራው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተገኘች። በወቅቱ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ2 ነጥብ 8 ቀናት መሆኑ ተገለጸ። ይህ አኃዝ ስህተት ሆኖ የተገኘው ከስድስት ዓመታት በኋላ ነው።

አምስተኛዋ ፕላኔት ኤፍ እ.ኤ.አ በኅዳር ወር 2007 በደብራ ፊሸር በተመራ ቡድን ይፋ ተደረገች። ግኝቱ 18 ዓመታት የፈጀና ከ300 በላይ ልኬቶችን የጠየቀ ነበር። ፕላኔቷ በ260 ቀናት አንድ ጊዜ የምትዞር ስትሆን፣ መጠነ ቁሷ ከመሬት 45 እጥፍ ያህል ነው።

ከአምስቱ ሦስቱ፣ ማለትም ኢ፣ ቢ እና ሲ፣ ሜርኩሪ ለፀሐይ ካላት ቅርበት ይበልጥ ለኮከባቸው የቀረቡ ናቸው። ኤፍ ቬነስ ለፀሐይ ባላት ርቀት ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በእሷና በዲ መካከል እስከ አሁን ምንም ፕላኔት ያልተገኘበት ሰፊ ክፍት ቦታ አለ። ፀሐይን የሚመስል ኮከብ ሥርዓተ ፀሐይን የሚመስል የፕላኔቶች አሰላለፍ ሊኖረው የግድ አለመሆኑን 55 ካንክሪ በግልጽ አሳይቷል። ብዙ ተመራማሪዎችም ግዙፎቹ የውስጥ ፕላኔቶች ከተፈጠሩበት ራቅ ያለ ስፍራ ቀስ በቀስ ወደ ኮከባቸው የተጠጉ ናቸው የሚል አስተያየት አላቸው።

የታረመው የዙር ጊዜ

እ.ኤ.አ በ2010 ርብቃ ዶውሰንና ዳንኤል ፋብሪኪ የተባሉ ተመራማሪዎች የቆዩትን ልኬቶች እንደገና ሲመረምሩ፣ ፕላኔት ኢ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ2 ነጥብ 8 ቀናት ሳይሆን በ17 ሰዓት ከ41 ደቂቃ መሆኑን የሚያመለክት ውጤት አገኙ።

ስህተቱ የመነጨው ከመሣሪያ ጉድለት ሳይሆን ከምልከታው ጊዜ ነው። ከመሬት ሆኖ ኮከብን ማየት የሚቻለው በሌሊት ብቻ በመሆኑ፣ ልኬቶቹ በአብዛኛው በየ24 ሰዓቱ አንድ ጊዜ የተወሰዱ ነበሩ። ይህን ለመረዳት በአውድማ ላይ የሚዞርን በሬ ማሰብ ይቻላል። በሬው አንድ ሙሉ ዙርና ሲሶ ያህል በተጓዘ ቁጥር ብቻ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው፣ በሬው በመካከል ሙሉ ዙር መዞሩን ስለማያይ ሲሶውን ብቻ የተጓዘ ይመስለዋል። ፕላኔት ኢም በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ዙር ከሲሶ ገደማ ትጓዝ የነበረ ሲሆን፣ በቀን አንድ ጊዜ ይመለከቷት ለነበሩት ግን ሲሶዋን ብቻ የምትጓዝ መስላለች። በዚህ ስሌትም አንድ ዙር ለመጨረስ ሦስት ቀን የሚጠጋ ጊዜ የሚያስፈልጋት ሆና ታየች።

እርማቱ ቁጥር ከማስተካከል ያለፈ ውጤት ነበረው። ፕላኔቷ በ17 ሰዓት ከ41 ደቂቃ የምትዞር ከሆነ ለኮከቡ ከታሰበው በላይ ቅርብ መሆን አለባት። ቅርብ ከሆነች ደግሞ በመሬትና በኮከቡ መካከል በማለፍ ብርሃኑን በጥቂቱ የመከለል ዕድሏ ይጨምራል። ይህ ከተከሰተ የፕላኔቷን ስፋት መለካት የሚቻልበት መንገድ ይከፈታል ማለት ነው።

ትንበያው ብዙም ሳይቆይ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ በ2011 የሻንጣ መጠን ያላት የካናዳ ሳተላይት ሞስት እና የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት (ናሳ) ንብረት የሆነው የስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ በየፊናቸው ባደረጉት ክትትል፣ የኮከቡ ብርሃን በታረመው ጊዜ ልክ በየ17 ሰዓት ከ41 ደቂቃው በጥቂቱ ደብዘዝ እንደሚል ደረሱበት። የሚከለለው ብርሃን ከ10 ሺህ እጅ ሦስት እጅ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በመነሳት የፕላኔት ኢ ስፋት ከመሬት ሁለት እጥፍ በጥቂቱ ያነሰ፣ መጠነ ቁሷም የመሬት ስምንት እጥፍ ያህል መሆኑ ታወቀ። እፍጋቷ ከመሬት በመጠኑ የሚበልጥ በመሆኑም በአብዛኛው ከዐለትና ከብረት የተሠራች ሳትሆን እንደማትቀር ታምኗል።

የፕላኔት ኢ ሙቀትና አየር

ፕላኔት ኢ ከኮከቧ የምትርቀው 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከፕላኔቷ ላይ ሆኖ ማየት ቢቻል ኮከቡ ፀሐይ ከመሬት ከምትታየው በ60 እጥፍ ገደማ ሰፍቶ በታየ ነበር። ጨረቃ ለመሬት ሁልጊዜ አንድ ገጿን ብቻ እንደምታሳይ ሁሉ፣ ፕላኔቷም አንዱን ወገኗን ዘወትር ወደ ኮከቡ አዙራ እንደምትኖር ይታመናል። በመሆኑም በአንዱ ወገን የማያልቅ ቀን፣ በሌላው ደግሞ የማይነጋ ሌሊት አለ። በቀኑ ወገን ያለው ዐለት ቀልጦ እንደ ባሕር የተንጣለለ መሆኑን የሙቀቱ መጠን ያመለክታል።

ፕላኔቷ በተለያዩ ጊዜያት ልዩ ልዩ ግምቶች ተሰጥተዋታል። እ.ኤ.አ በ2012 ኮከቡ በካርቦን የበለጸገ ነው ከሚል ስሌት በመነሳት የፕላኔቷ ሲሶ የሚሆነው አካል አልማዝ ሊሆን ይችላል የሚል ጥናት ወጥቶ በብዙኃን መገናኛ ዘንድ «የአልማዝ ፕላኔት» የሚል ስም አሰጥቷት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የኮከቡ የካርቦን መጠን እንደገና ሲለካ ቀድሞ ከተገመተው ያነሰ ሆኖ በመገኘቱ ግምቱ መሠረቱ ላልቷል። እ.ኤ.አ በ2016 ደግሞ በሃብል ቴሌስኮፕ በተደረገ ጥናት በፕላኔቷ ዙሪያ ሃይድሮጂንና ሂሊየም እንዳለ ተገልጾ የነበረ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ክትትሎች ግኝቱን አላጠናከሩትም።

የፕላኔቷ ሙቀት ራሱ ለተመራማሪዎች እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። በስፒትዘር ቴሌስኮፕ አማካይነት እ.ኤ.አ በ2016 ይፋ የሆነው የሙቀት ካርታ በቀኑ ወገን 2 ሺህ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ በሌሊቱ ወገን ደግሞ 1 ሺህ 100 ዲግሪ ገደማ አሳይቷል። እጅግ ሞቃቱ ስፍራም ኮከቡ በቀጥታ ከአናት በላይ የሚያርፍበት ሳይሆን ከዚያ ፈቀቅ ያለ ነበር። ይህም ሙቀትን ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዝ አየር ወይም ተንቀሳቃሽ ቅልጥ ዐለት ሳይኖር እንደማይቀር የሚጠቁም ነበር።

ጉዳዩን ወደ ፊት ያራመደው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 2021 ወደ ጠፈር የተላከው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ነው። ሬንዩ ሁ የተባሉ የናሳ ተመራማሪ የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ በግንቦት ወር 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባሳተመው ጥናት፣ የፕላኔቷ የቀን ወገን ሙቀት 1 ሺህ 540 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል መሆኑን አስታውቋል። ፕላኔቷ ምንም አየር የሌላት ባዶ ዐለት ብትሆን ኖሮ ሙቀቱ 2 ሺህ 200 ዲግሪ አካባቢ መድረስ ነበረበት። ልዩነቱን ለማብራራት የሚቻለው ሙቀቱን ወደ ሌሊቱ ወገን የሚያሸጋግር አየር ካለ ነው። የብርሃኑ ኅብረ ቀለምም አየሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ሊሆን እንደሚችል አመላክቷል።

ጥናቱ እንደሚያስረዳው ፕላኔቷ ስትፈጠር የነበራት አየር በኮከቡ ጨረር ተጠርጎ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ያለው አየር ከቀለጠው ዐለት ውስጥ ያለማቋረጥ እየወጣ የሚተካ እንደሆነ ይገመታል። በሌላ ቡድን የተካሄዱ ተደጋጋሚ የዌብ ምልከታዎች ግን ከፕላኔቷ የሚመጣው የሙቀት ብርሃን ከአንዱ ምልከታ ወደ ሌላው እንደሚለዋወጥ በማሳየታቸው፣ የአየሩ ምንነትና ጽናት ገና በጥናት ላይ ያለ ጉዳይ ነው።

በ1 ሺህ 540 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሕይወት ሊኖር እንደማይችል ግልጽ ነው። የጥያቄው ክብደት የሚመነጨው ከሌላ ነው። መሬት፣ ቬነስና ማርስም በመጀመሪያው ዘመናቸው ገጻቸው የቀለጠ ዐለት እንደነበር ይታመናል። ከቀለጠ ዐለት አየር እንዴት እንደሚወጣ፣ ከኮከብ ጨረር ፊት ለፊትም እንዴት እንደሚጸና ማወቅ፣ መሬት አየሯን እንዴት እንዳገኘች ለመረዳት የሚያግዝ ነው።

ለሕይወት የሚመች ስፍራ

ከኮከቡ ርቀት አንጻር ይበልጥ ትኩረት የሚስበው የፕላኔት ኤፍ አቀማመጥ ነው። ኮከቡ ከፀሐይ ደብዘዝ ያለ በመሆኑ፣ ፕላኔት ኤፍ በቬነስ ርቀት ገደማ ላይ ብትሆንም የሚደርሳት ብርሃን መሬት ከፀሐይ ከምታገኘው ጋር ተቀራራቢ ነው። ይህም ውኃ ሳይተንና ሳይረጋ ሊኖር በሚችልበት ክልል ውስጥ እንድትመደብ አድርጓታል።

ይሁን እንጂ 45 እጥፍ የመሬት መጠነ ቁስ ያላት ፕላኔት እንደ ኔፕቱንና ሳተርን በወፍራም ጋዝ የተሸፈነች እንጂ የሚረገጥ መሬት ያላት ትሆናለች ተብሎ አይጠበቅም። ጁፒተርና ሳተርን ብዙ ጨረቃዎች እንዳሏቸው ሁሉ ፕላኔት ኤፍም ጨረቃዎች ሊኖሯት እንደሚችሉ፣ ከእነዚህም ውኃ የሚገኝበት ሊኖር እንደሚችል ሐሳብ የሰነዘሩ ተመራማሪዎች አሉ። እስከ አሁን ግን በዙሪያዋ የተገኘ ጨረቃ የለም።

ስያሜና የኢትዮጵያ ድርሻ

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሕዝብን ባሳተፈ ድምፅ አሰጣጥ ለተመረጡ ከዋክብትና ፕላኔቶች የወል ስም እንዲወጣላቸው ባደረገበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 2015 የ55 ካንክሪ ስሞችም ይፋ ተደርገዋል። ኮከቡ መሬት በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ባስተማረው ሊቅ ስም ኮፐርኒከስ ተብሏል። ፕላኔቶቹም ከውስጥ ወደ ውጭ ያንሰን፣ ጋሊልዮ፣ ብራሄ፣ ሃሪየት እና ሊፐርሄይ የሚሉ ስሞች ወጥተውላቸዋል። ስሞቹ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትና በቴሌስኮፕ ጅማሮ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱ የመነጽር ሠሪዎች ስሞች ናቸው።

ኅብረቱ 100ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ በ2019 ባካሄደው ሁለተኛ የስያሜ መርሐ ግብር እያንዳንዱ ተሳታፊ ሀገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ተሰጥቶት ነበር። በዚህም መሠረት ለኢትዮጵያ የደረሰው አንድሮሜዳ በተባለው ኅብረ ከዋክብት የሚገኘው ኤችዲ 16175 የተባለ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል።

ቡናም እንደ 55 ካንክሪ ፀሐይን ከሚመስሉ ከዋክብት የሚመደብ ሲሆን፣ ከመሬት ከ190 የብርሃን ዓመታት በላይ ይርቃል። እ.ኤ.አ በ2009 የተገኘችው አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ መጠነ ቁስ ያላትና በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አንድ ጊዜ የምትዞር ግዙፍ ፕላኔት ናት። የተገኘችውም 55 ካንክሪ ፕላኔቶች በተገኙበት በዚያው የውዝዋዜ ልኬት ነው። የ55 ካንክሪ ፕላኔቶች አንዷ ከሌላዋ ኋላ እየተገለጡ እንደመጡ ሁሉ በቡና ዙሪያም ሌሎች ቢገኙ፣ ከአቦል ቀጥሎ ቶናና በረካ መኖራቸውን ለኢትዮጵያውያን ማስታወስ አያስፈልግም።

ቀጣዩ ክትትል

ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎዝ በግኝታቸው እ.ኤ.አ በ2019 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ተካፋይ የሆኑ ሲሆን፣ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ መኖራቸው የተረጋገጠ ፕላኔቶች ቁጥርም እ.ኤ.አ በ2025 ከ6 ሺህ አልፏል። ከእነዚህ መካከል 55 ካንክሪ ተመራጭ የጥናት ስፍራ ሆኖ የቀጠለው ለመሬት ቅርብ፣ ብርሃኑም ለልኬት በቂ በመሆኑ ነው። ከግዙፍ የጋዝ ፕላኔት እስከ ቀለጠ ዐለት ድረስ ልዩ ልዩ ዓለማትን በአንድ ኮከብ ዙሪያ ማየት መቻሉም ለንጽጽር አመቺ ያደርገዋል።

ኮከቡ ከመሬት የተላከ መልእክትም በመንገድ ላይ አለው። እ.ኤ.አ በሐምሌ ወር 2003 በክራይሚያ የቭፓቶሪያ ከሚገኘውና 70 ሜትር ስፋት ካለው የሬዲዮ አንቴና ወደ አምስት ከዋክብት መልእክት ሲተላለፍ ከተመረጡት አንዱ 55 ካንክሪ ነበር። በወቅቱ አምስተኛዋ ፕላኔት አልታወቀችም፤ የፕላኔት ኢ መኖርም ገና አልተደረሰበትም ነበር። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት እየተጓዘ እ.ኤ.አ በ2044 ከኮከቡ ዘንድ ይደርሳል። ምላሽ የሚሰጥ ቢኖር እንኳን ወደ መሬት የሚደርሰው እ.ኤ.አ ከ2085 በፊት አይሆንም።